የእትዬ ጥሩሰው ግንባር

ኢያቄምን በስሙ የሚጠራው ሰው ከእናቱ በቀር የለም ማለት ይቻላል። ሌላው ሁሉ «መምሬ ኮፒ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት መሐመድኑር ነው፤ ባጃጅ ነጂው፣ የፎቶ ክበቡ ቀልደኛ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክበቡ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ላሊበላ ወጣት ማዕከል አንዲት ክፍል ውስጥ ይሰበሰባል። ካሜራ ከመነካቱ በፊት «የሳምንቱ ምክር» የሚባል ነገር አለ፣ ምክሩን የሚሰጠው ደግሞ ኢያቄም ነው። ሥራው ስልክ ቤት ነው። ጉርድ ፎቶ ያነሳል፣ ዘፈን ይጭናል፣ ቫይረስ ያጸዳል። ከኮምፒውተር ጋር የሚውለው እሱ ስለሆነ ማንም «ለምን አንተ?» ብሎት አያውቅም። ምክሩም ይጠቅም ነበር፣ አይካድም። «ከማንሳታችሁ በፊት የስልካችሁን ሌንስ በነጠላችሁ ጫፍ ጥረጉት፣ ጣት የነካው ሌንስ ጭጋግ ያመጣል» ይላል። «ፀሐይን ከኋላችሁ አድርጉ» ይላል። «በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ አትላኩት፣ እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ተጨምቆ ነው የሚደርሰው» ይላል። ግን ከየት ይጀምር ከየት፣ መድረሻው አንድ ነው።

«ፎቶ ከመነካካታችሁ በፊት ኮፒ አድርጉ። ኦርጅናል ማለት እንደ ታቦት ነው፣ ማንም ተነስቶ አይነካውም። ነክታችሁ ካበላሻችሁት በኋላ ብታለቅሱ የሚመልስላችሁ የለም።»

አንድ እሑድ መሐመድኑር እጁን አወጣ። «መምሬ፣ ኮፒውንስ ኮፒ እናድርገው?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ኢያቄምም ሳቀ፣ ግን ጥያቄውን የምር አድርጎ መለሰው። «አዎ። ሁለት ቦታ። አንዱ ላፕቶፕ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ።»

በቃ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ መምሬ ኮፒ ሆኖ ቀረ። እውነቱን ለመናገር ስሙን ይወደው ነበር። መንገድ ላይ «መምሬ» ብለው ሲጠሩት ደረቱ ትንሽ ይነፋል።

ክበቡ ያለው አንድ ካሜራና አንድ ላፕቶፕ ነው። ላፕቶፑ ማን ቤት ይደር ሲባል ጠብ ሊነሳ ነበር፣ ከዚያ ልጆቹ ያደጉበትን ዘዴ አመጡ፦ እንደ ማኅበር፣ በተራ። ወር በሞላ በመጀመሪያው እሑድ ያለፈው ተረኛ ላፕቶፑን በሁለት እጁ ለሚቀጥለው ያስረክባል፣ ተቀባዩ ዳቦ ይዞ ይመጣል፣ ዳቦው ተቆርሶ ይበላል። ጸበል ጸዲቁ ይቀረዋል እንጂ ጽዋ ማለት ነው። መሐመድኑር እንኳ «እኔን ሙስሊሙን ጽዋ ጠጪ አደረጋችሁኝ» እያለ ተራውን የሚጠብቀው በጉጉት ነው።

እንግዲህ ክበቡ መስከረም ላይ ብልባላ ገበያ ለፎቶ ወርዶ ነበር። ካሜራውን የያዘችው የአብስራ ነበረች። የአብስራ ከሁሉም ታናሽ ናት፣ ዝምተኛ ናት፣ የተባለችውን አትረሳም። ገበያው ዳር ሁለት አሮጊት እህትማማቾች ምስር ከፊታቸው አድርገው ድንጋይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ እትዬ ጥሩሰው ናቸው፣ የክበቡ አባል የሰርክአዲስ እናት። ሁለተኛዋ እትዬ ባንችይርጋ፣ አክስቷ። እትዬ ጥሩሰው ፎቶ አይወዱም፣ ለመታወቂያ እንኳ ሲነሱ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው። ያን ቀን ግን እትዬ ባንችይርጋ ጆሯቸው ላይ አንድ ነገር አሏቸው። ምን እንዳሏቸው ያኔ ማንም አልሰማም። እትዬ ጥሩሰው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ፣ ነጠላቸው ከግንባራቸው ሸሸ፣ የአብስራም ያን ጊዜ ካሜራውን ተጫነችው።

ያ ፎቶ ለክበቡ ከዓመቱ ፎቶ ሁሉ የበለጠ ሆነ። ኅዳር ላይ እትዬ ጥሩሰው ታመሙ፣ ሳይሰነብቱ አረፉ።

አርባቸው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰርክአዲስ ጥቁር ለብሳ ስልክ ቤቱ መጣች። ያን ቀን በስሙ ጠራችው።

«ኢያቄም፣ የእማ ፎቶ አለ አይደል? የብልባላው?»

«አለ። ላፕቶፑ እኔ ጋ ነው፣ የእኔ ተራ ነው።»

«ለአርባዋ እንዲደርስልኝ ነበር። ትልቅ አድርገህ፣ መስታወት አስገብተህ። ብቻዋን ይሁን። ዘመዶቼ፣ ባንችይርጋ በሕይወት እያለች ከሙት ጋር አትሰቀልም ብለዋል።»

«እቆርጠዋለሁ። አታስቢ።»

ሰርክአዲስ በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። «ሌላ የላትም።»

«አውቃለሁ። አታስቢ አልኩሽ እኮ። ለኔ ተይው።»

ያወቀው ደግሞ ከሷ የበለጠ ነበር። የካሜራው ካርድ ስለሞላ ፎቶው ሁሉ ወደ ላፕቶፑ ተዛውሮ ካርዱ ተጠርጓል። ፍላሹስ? ፍላሹ ላይ የደንበኛ ዘፈን ተጭኖበት፣ «ነገ እገለብጠዋለሁ» ሲል ሁለት ወር ሆኖታል። ሁለት ቦታ አስቀምጡ ሲል የከረመው መምሬ ኮፒ የእትዬ ጥሩሰውን ሳቅ ያስቀመጠው አንድ ቦታ ብቻ ነው።

በማግስቱ ከሰዓት ሱቁ ውስጥ ላፕቶፑን ከፈተ። መብራት ጠዋት ሄዶ አልተመለሰም፣ ባትሪው እየወረደ ነው። ባንኮኒው ላይ አንዱ ስልኩን አስቀምጦ «ቶሎ በልልኝ፣ መኪና ሊሄድብኝ ነው» ይላል። ኢያቄም ፎቶውን ከፈተ፣ እትዬ ባንችይርጋን ቆረጠ፣ ጥላውን ትንሽ አበራ። ከዚያ እጁ የለመደውን ሠራ።

ምን እንደለመደ ልንገራችሁ። ጉርድ ፎቶ የሚነሱ ሴቶች፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ከገጠር መጥተው ለሥራ ወይም ለፓስፖርት የሚነሱት፣ ተነስተው ሲያበቁ ጠጋ ብለው በለሆሳስ «ንቅሳቴን አጥፋልኝ» ይሉታል። የአንገቱን፣ የአገጩን፣ የግንባሩን መስቀል። ባላገር ናት እንዳይሏቸው ነው። እሱም ያጠፋል። ማጥፊያዋን ክብ ግንባሩ ላይ ያስቀምጣል፣ ይጫናል፣ መስቀሉ ይሄዳል፣ ቆዳው ቆዳ ይመስላል። አሁን አሁንማ ሳይጠይቁትም ያደርገዋል፣ ይመሰገንበታልም።

እትዬ ጥሩሰው ግንባር ላይ ክቧን አስቀመጠ። ተጫነ። አገጫቸው ሥር ያሉትን ሦስት ጭረቶች ጠረገ። ወደ ኋላ ራቅ ብሎ አያቸው። «ጠራች» አለ በሆዱ። በሆዱ አንቱ እንኳ አላላቸውም።

ባትሪው ቀይ አበራ። ፕሮግራሙ ጠየቀው፦ በአዲስ ስም ይቀመጥ፣ ወይስ እላዩ ላይ ይቀመጥ? ባለ ስልኩ ደግሞ ጠየቀው፦ «አለቀ ወይስ አላለቀም?» ኢያቄም አንዱን ተጫነ። ላፕቶፑ ጠፋ።

መብራት ሲመጣ ከፍቶ አየው። አንድ ፎቶ ብቻ ነው ያለው፣ እሱ የሠራው። ኦርጅናሉ ላይ ነው ያስቀመጠው። ፋይሉን ደጋግሞ ፈለገ፣ ግን ወዲያው ለራሱ መልስ አገኘ፦ ያማረው ይኸው አለ፣ ያላማረው ምን ያደርጋል? ብሎ ወደ ወልድያ ለሕትመት በሾፌር እጅ ላከው።

ታትሞ፣ መስታወት ገብቶ፣ በላስቲክና በጋዜጣ ተጠቅልሎ መጣ። ኢያቄም ጫፉን ብቻ ቀደድ አድርጎ የነጠላውን ጥለት አየና ረካ።

የተዝካሩ ዕለት ክበቡ በሙሉ በአንድ ሚኒባስ ብልባላ ሄደ። ጥቅሉን ጉልበቱ ላይ አድርጎ የተጓዘው ኢያቄም ነው፣ ለማንም አልሰጥም ብሎ። ዳሱ ሰው ሞልቷል። ቄሶቹ ፍትሐቱን ጨርሰዋል፣ እህል ቀምሰዋል። ሴቶቹ በአንድ ወገን ተሰብስበው ለሙሾ ተዘጋጅተዋል። ሰርክአዲስ «አውጣት» አለችው። አውጣት ነው ያለችው፣ አውጣው አላለችም። ኢያቄም በሰው መሐል ቆሞ ጋዜጣውን ገፈፈ፣ መስታወቱን ወደ ሴቶቹ አዞረ።

ልቅሶ ይፈነዳል ብሎ ነበር የጠበቀው። ዝም አሉ።

ከኋላ አንዲት አሮጊት «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» አሉ።

«ጥሩሰው ናት እንጂ፣ አታይም?» አሏቸው ሌላዋ።

«ጥሩሰውማ መስቀል አላት።»

እትዬ ባንችይርጋ ተነስተው መጡ። ቀረብ ብለው አዩ። የነጠላቸውን ጫፍ ያዙና መስታወቱን፣ ግንባሩ ላይ፣ ጠረጉት። አቧራ መስሏቸው ነው። እንደገና እስትንፋሳቸውን እፍ ብለው ጠረጉት። ሦስተኛ ሊጠርጉ እጃቸውን አነሱና ተዉት።

«መስቀሏን ማን ወሰደባት?» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም። ዕቃ የጠፋበት ሰው እንደሚጠይቅ ነው የጠየቁት።

የእትዬ ጥሩሰው የነፍስ አባት፣ መምሬ ሰይፈ ሥላሴ፣ ከወንዶቹ መሐል ሆነው «ተረጋጉ ልጆቼ፣ ፎቶ ነው» አሉ። ሰው ሁሉ ግን ፎቶውን የያዘውን ያያል።

ኢያቄም ያኔ ነው ያየው። የጠራው ግንባር፣ ሱቅ ውስጥ ያማረው ግንባር፣ እዚህ ዳስ ውስጥ፣ በእነዚህ ሁሉ መስቀል ባለባቸው ግንባሮች ፊት፣ የተላጨ ነገር መሰለው። አፉ ተከፈተ። የሚወጣው ቃል ከየት እንደመጣ እሱም አያውቅም።

«ሲነሳ ነው» አለ። «ፀሐዩ ግንባራቸው ላይ አርፎ፣ ብርሃኑ በልቶት ነው። ካሜራ አንዳንዴ እንደዚህ ያደርጋል።»

ዓይኑ የአብስራን ፈልጎ አገኛት። ሌላውም ሰው ዓይኑን ተከትሎ አገኛት፤ ካሜራው አንገቷ ላይ ነው።

«ፀሐዩን ከኋላዬ አድርጌ ነበር» አለች የአብስራ ቀስ ብላ። «አንተ እንዳልከው።»

«ቢሆንም…» አለ ኢያቄም፣ ከዚያ ወዲያ አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም።

የአብስራ አንገቷን ደፋች። «ይቅርታ አድርጉልኝ እናቶቼ» አለች።

«ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ» አሉ አንዷ። ሌላዋ «እና የማይችሉትን ምን አስያዛቸው?» አሉ። ሰርክአዲስ የእናቷን ነጠላ አምጥታ መስታወቱ ላይ ጣለችው። ሴቶቹ ያለቀሱት ለነጠላው ነው። እትዬ ባንችይርጋ ብቻ ነጠላው ሥር ያለውን እያሰቡ እንዲህ አወረዱ፦

«ምን ብዬ ልጥራሽ መስቀልሽ ጠፍቶብኝ፣
እህቴን መስለሽ እንግዳ ሆነሽብኝ።»

ሙሾው ኢያቄም ጆሮ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ፣ መንገዱ አጋማሽ ላይ የአብስራ ካሜራውን ከአንገቷ አውልቃ ለመሐመድኑር ሰጠችው።

«ያዝልኝ። ከእንግዲህ አልይዘውም።»

መሐመድኑር ሌላ ቀን ቢሆን «እኔ ባጃጅ ይበቃኛል» ይል ነበር። ያን ቀን ዝም ብሎ ተቀበላት። ቆይቶ ወደ ኢያቄም ዞረ። «መምሬ፣ ኦርጅናሉን ብናየውስ? ምናልባት መስቀሉ በደንብ ሲታይ ይወጣ ይሆናል። አንተ እኮ አትነካውም ኦርጅናል።»

እያሾፈ አልነበረም። ያ ነው የባሰው። የምሩን ነው የተናገረው።

«እናየዋለን» አለ ኢያቄም ወደ መስኮቱ እያየ።

የዚያን ሳምንት ሱቁን ዘግቶ ነው የዋለ ማለት ይቻላል። የጠፋ ፎቶ ይመልሳል የተባለ ፕሮግራም ሁሉ አውርዶ ሞከረ። የካሜራውን ካርድ ከመሐመድኑር ተውሶ ፈተሸ፤ ካርዱ ከተጠረገ በኋላ አዲስ ፎቶ ተነስቶበታል፣ ከእትዬ ጥሩሰው ሳቅ አንዲት የጥለት ቁራጭ ወጣች፣ የቀረው ግራጫ ነው። ያቺን ቁራጭ ሲያይ እንባ መጣበት፣ ግን ስለእሳቸው ይሁን ስለራሱ ሊለየው አልቻለም።

ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረ። እሑዱ ወሩ የሚሞላበት ነው፣ ላፕቶፑ ይተላለፋል። ተረኛዋ የአብስራ ናት። ማለት፣ ኢያቄም ያንን ላፕቶፕ በሁለት እጁ አንስቶ ያስወቀሳት ልጅ እጅ ላይ ሊያኖር ነው፣ እሷም ቤቷ ወስዳ ልትከፍተው ነው። «ቫይረስ በላው» ልበል? ሰው ያምነኛል፣ ቫይረስ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ዓረፍተ ነገሩን እስከ ድምፁ አዘጋጀው። ቅዳሜ ሱቁን ሲከፍት ለጉርድ ፎቶ የመጣች አንዲት ልጅ «አንተ፣ ምን ትለፈልፋለህ ብቻህን?» አለችው።

እሑድ ደረሰ። የአብስራ ዳቦዋን በመሶብ ይዛ መጥታለች፣ መቼም ተራ ተራ ነው። ሰርክአዲስ ጥቁሯን እንደለበሰች ጥግ ይዛለች። መሐመድኑር የተለመደውን ለመመለስ ፈልጎ መሰለኝ፣ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ።

«ይልቅ መምሬ፣ ምክር። ሰው ዳቦ ርቦታል።»

ኢያቄም ተነሳ። «ቫይረስ» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነበር። የአብስራ እንደ ወትሮዋ ደብተሯን ከፍታ ብዕሯን ይዛ ትጠብቃለች። የሚለውን ልትጽፍ። ያስወቀሳትን ሰው ምክር ልትጽፍ።

«ኦርጅናሉ የለም» አለ።

«የምኑ?» አለች ሰርክአዲስ።

«የእናትሽ። እላዩ ላይ ነው ያስቀመጥኩት። መስቀሉንም ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ፀሐይ አይደለም፣ ፎቶው ደህና ነበር። የአብስራ ምንም አላጠፋችም።»

ሰርክአዲስ ከጥጓ ወደ እሱ ዞረች።

«ለምን አጠፋኸው?» አለች ሰርክአዲስ።

«እንጃ። እጄ ለምዶ። ሱቅ የሚመጡት ሁሉ አጥፋልን ነው የሚሉኝ።»

«እማ አጥፋልኝ ብላሃለች?»

ኢያቄም መሬት መሬት አየ። «አላሉኝም።»

«እኔስ ብዬሃለሁ?»

«አላልሽም።»

መሐመድኑር ራሱን ወዘወዘ። የሚቀልድ ሰው ሲከፋው ፊቱ እንዴት እንደሚያስፈራ ኢያቄም ያን ቀን አወቀ። «እኛ እኮ» አለ መሐመድኑር፣ «አንተን አምነን ነው የአብስራ ላይ ያዘንነው። ሚኒባስ ውስጥ ላናግራት እንኳ ከብዶኝ ነበር።»

የአብስራ ብዕሯን አስቀመጠች፣ ላፕቶፑን ሳይሰጣት ራሷ ወደሷ ሳበችው፣ ከፈተችው፣ ፎቶውን አገኘችው። ብዙ አየችው።

«ፀሐዩ ከኋላዬ ነበር» አለች። በቃ፣ ይችን ብቻ።

ሰርክአዲስ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። «ለአክስቴ አንተው ትነግራታለህ። እኔ አልነግርልህም» አለችና ወጣች። ዳቦው ሳይቆረስ ተመለሰ።

በማግስቱ ኢያቄም ለሰርክአዲስ ደውሎ ብልባላ ለመሄድ መናኸሪያ ሲደርስ የአብስራ ላፕቶፑን በጀርባዋ አዝላ፣ ካሜራውን ከመሐመድኑር መልሳ ይዛ ቆማለች።

«ሰርክአዲስ ነገረችኝ ዛሬ እንደምትሄድ» አለችው። «ላፕቶፑ የኔ ተራ ነው። ካለኔ አይሄድም።»

መንገዱን ሁሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሄዱ። ይቅርታ ሊላት ሁለት ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ጠራረገ፣ እሷ በመስኮት ታያለች። ሲወርዱ ብቻ፣ ገና እግሩ መሬት ሲነካ፣ «የአብስራ፣ አጥፍቻለሁ» አላት። «አውቃለሁ» አለችው።

እትዬ ባንችይርጋ ደጃቸው ላይ ምስር እያበጠሩ ነበር። ሰፌዱን አላስቀመጡም። ኢያቄም ቆሞ ተናገረ፣ ተቀመጥ እንኳ አላሉትም። የሱቁን ነገር፣ የእጁን ልማድ፣ የፀሐዩን ውሸት ነገራቸው። እሳቸው ከምስሩ አንዲት ጠጠር ለቀሙና ጣሏት።

«እና ይችን ልጅ ለምን አስወቀስካት?»

«ፈርቼ።»

«ማንን? እኛን? የቀረነው አሮጊት ሁሉ ነን፣ ምን እናደርግሃለን?»

ኢያቄም አቧራውን በእግሩ ቆፈረ።

«ይመለሳል?» አሉት።

«የእሳቸው አይመለስም፣ ጠፍቷል። ግን ከሌላ ሰው… የሚመሳሰል ካለ ወስዶ እዚያ ላይ ማድረግ ይቻላል።»

እትዬ ባንችይርጋ ሰፌዱን አሁን አስቀመጡት። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ሻሻቸውን ፈቱ፣ ፊታቸውን ወደ ብርሃን መለሱ። የደበዘዘ፣ አረንጓዴ ወደመሆን ያለ መስቀል ግንባራቸው መሐል አለ።

«የኔን ውሰድላት። የአንድ ቀን ናቸው። እናታችን ናት ያስነቀሰችን፣ በአንድ እሾህ፣ በአንድ ጥላሸት። እኔ ዝም አልኩ። እሷ አለቀሰች፣ ራሷን ወዘወዘችባቸው። የሷ ወደ ቀኝ ያዘመመ ነው። ይሄንን ሳነሳባት ነው ያን ቀን ገበያ የሳቀችው። ቀጥ አድርገህ እንዳትሠራባት።»

የአብስራ የካሜራውን ሌንስ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ፀሐዩን ከኋላዋ አደረገች። ኢያቄም እንዲይዝ አልጠየቀችውም፣ እሱም አልደፈረም። ስታበቃ ላፕቶፑን ድንጋዩ ላይ ከፈተችና ገፋ አድርጋ ሰጠችው።

ኢያቄም ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ተጫነ። «ምን እያደረግህ ነው?» አሉት እትዬ ባንችይርጋ ከትከሻው በላይ እያዩ።

«ኮፒ እያደረግሁ» አለ። ቃሉ ከአፉ ሲወጣ ጆሮው ድረስ ጋለ። የአብስራ ወደ ምስሩ ዞራ ጠጠር መልቀም ያዘች።

መስቀሉን ከሕያዋ ግንባር ወስዶ የሟቿ ግንባር ላይ አኖረ። «ወደዚህ» ይሉታል። «ትንሽ ወደ ቀኝ። ኧረ በዛ፣ መልሰው። ዝቅ በል። አገጯ ሥር ሦስት መስመር ነበራት፣ እሱንም ከኔ ውሰድ።» በዓይን ጥቅሻ ያጠፋውን ለመመለስ ቀኑ ተጋመሰ። በመጨረሻ እትዬ ባንችይርጋ ጎንበስ ብለው አዩ። ኢያቄም «እሷ ናት» እንዲሉ ጠበቀ።

«ትመስላለች» አሉ።

በአዲስ ስም አስቀመጠው። በየአብስራ ፍላሽም ላይ፣ በራሱም ላይ። ማንም አላስታወሰውም፣ ማንም አላመሰገነውም።

ሊነሱ ሲሉ እትዬ ባንችይርጋ ሻሻቸውን እያሰሩ «ለመሆኑ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

«የጽጌማርያም ነኝ። ነአኩቶ ለአብ መንገድ ላይ ነው ቤታችን።»

«እናትህ አለች በሕይወት?»

«አለች።»

«መስቀል አላት?»

«አላት።»

«የሷስ ወዴት ያዘመመ ነው?»

ኢያቄም አፉን ከፈተ። ጠዋት የተሰናበተው ፊት ነው። ልጅ ሆኖ የተኛበት ጡት፣ የሳመው ግንባር። ወደ ቀኝ? ቀጥ ያለ? ዓይኑን ጨፍኖ ፈለገው፣ የመጣለት ግን የሱቁ ግንባር ነው፣ የጠራው፣ ምንም የሌለበት። እትዬ ባንችይርጋ ጥቂት ጠበቁት። ከዚያ እንዳላሳፈሩት ሁሉ ሰፌዳቸውን አንስተው ምስራቸውን ቀጠሉ። የአብስራ ላፕቶፑን ከደነችው።

ቤቱ ሲደርስ ፀሐይ ልትገባ ነው። እናቱ ደጅ ላይ እንጨት ትሰበስባለች፣ ሻሿ እስከ ቅንድቧ ወርዷል።

«ኢያቄም፣ መጣህ?»

«መጣሁ። እማ፣ እስቲ ሻሽሽን ከፍ አድርጊው።»

«ምነው? ፎቶ ልታነሳኝ ነው? ሳልታጠብ?»

«አይደለም። ልይሽ ብዬ ነው።»

እናቱ እጁን አየች፣ ካሜራ የለም። ስልኩም ኪሱ ነው። ልጇ ምን እንደነካው አልገባትም፣ ግን እንጨቱን አስቀመጠችና ሻሿን በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ግንባሯን ሰጠችው። ኢያቄም ፊቷ ቆሞ ጫማውን ያያል። ቀና ማለት ነበረበት፣ ያን ያህል ነው የቀረው። አልቻለም።

«እሺ፣ እይ እንጂ» አለችው፣ ሻሿን እንደያዘች።